«ስቴንለስ» የተባሉት ኒፐርና መቀሶች መጋጠሚያቸው ላይ ለምን ይዝጋሉ?

ጥያቄ — ፓውች21

ሰላም ለሁላችሁ። የእግርና የጥፍር እንክብካቤ ከትንንሽ የቁስል ሥራ ጋር አብሮ የሚሠራበት ክፍል ነው። መሣሪያዎቹ የቆዳ ኒፐር (የጥፍር ዙሪያ ቆዳ የሚቆርጥ ትንሽ ጉጠት)፣ የወፍራም ጥፍር መቁረጫ፣ ፑሸር (ቆዳ መግፊያ)፣ ቀጭን መቀስ፣ ወረንጦና ጥቂት ክላምፕ (ቆንጥጦ የሚቆለፍ መያዣ) ሲሆኑ ሁሉም «ስቴንለስ» የሚል ተቀርጾባቸዋል። ከተገዙ ሦስት ወር ቢሆናቸው ነው። ከወዲሁ ግን፦

– የኒፐሮቹ መጋጠሚያ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ለመክፈትም ይከብዳሉ።
– ሁለት መቀሶች ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ይዘዋል።
– ፑሸሮቹ ላይ የደረቀ ጠብታ የመሰለ ነጭ ምልክት አለ።
– አንዱ ኒፐር ቆዳውን መቁረጡን ትቶ ይጎትታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሥራ በኋላ በ0.5% በረኪና መዘፍዘፍ (10 ደቂቃ ነው የሚባለው፤ ሥራ ሲበዛ እስከ ማታ ይቆያል)፣ በቧንቧ ውሃ ማለቅለቅ፣ በፎጣ ማድረቅ፣ በፓውች (አንድ ጎኑ ወረቀት፣ ሌላው ፕላስቲክ በሆነ ከረጢት) አሽጎ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ማሽን) ውስጥ በ121 ዲግሪ 20 ደቂቃ። ፓውቹ ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይወጣል። መጋጠሚያው ሲጠብቅ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ይደረግበታል። ጥፋቱ የብረቱ ነው የአሠራሩ? የዛገውንስ ማዳን ይቻላል?


መልስ — ነጭ_ብረት

ብረቱን ከመጠርጠርዎ በፊት በረኪናውን ይድፉት። ሁሉም ችግር ከእሱ ባይመጣም የመጀመሪያው የእሱ ሥራ ነው።

ስቴንለስ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5% ክሮሚየም አለው። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ላዩ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር፣ በዓይን የማይታይ ሽፋን ይሠራል። ከዝገት የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት እንደማንኛውም ብረት ይዝጋል። ሽፋኑ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይደፍናል። ጠላቱ ክሎራይድ ነው፤ ሽፋኑን እዚህም እዚያም ይበሳና ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ከላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ከሥሯ ሰፊ ጉድጓድ ልትይዝ ትችላለች። በረኪናም፣ ደምም፣ ላብም፣ ቁስል የሚታጠብበት 0.9% ሳላይንም (የጨው ውሃ) ክሎራይድ አላቸው። «ቁስል ካልጎዳ ብረት ምን ያደርጋል» እየተባለ መሣሪያ በሳላይን ሲረጥብ ይታያል፤ አይደረግም።

መጋጠሚያው ቀድሞ የዛገው ጠባብ ስለሆነ ነው። ፈሳሹ እዚያ ተደብቆ ይቀራል፣ ኦክስጅን አይደርሰውም፣ ሽፋኑም ራሱን መጠገን አይችልም። ውሃው በተነነ ቁጥር ደግሞ የቀረው ክሎራይድ እየጠነከረ ይሄዳል።

ሌላው የብረቱ ዓይነት ነው። ስለት ያለው መሣሪያ በሙቀት ሊጠነክር ከሚችል ብረት፣ ብዙውን ጊዜ 420 ከሚባለው፣ ይሠራል፤ ክሮሚየሙ 13% አካባቢ ሲሆን ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው። ሰሃንና ትሪ የሚሠራበት 304 ግን 18% ያህል ክሮሚየም ላይ 8% ያህል ኒኬል ተጨምሮበታል። ስለዚህ እዚያው በረኪና ውስጥ ሰሃኑ ምንም ሳይሆን ኒፐሩ ቢዝግ ተጭበርብረዋል ማለት አይደለም። ስለቱን ያገኘው ዝገት የመቋቋም አቅሙን ከፍሎ ነው። ማግኔት ስለሳበውም «ፎርጅድ ነው» አይበሉ፤ 420ን ማግኔት ይስበዋል።

በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ለሠራተኛው ደኅንነት ተብሎ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የመሣሪያ ማጽጃ መመሪያ ግን ከመታጠቡ በፊት በ0.5% ክሎሪን መዘፍዘፍን አይመክርም። ብረቱን ይበላል፤ ደምና ቅባት ደግሞ ክሎሪኑን ስለሚያደክሙት ተስፋ የተጣለበትን ያህል እንኳ አይሠራም። አጣቢውን የሚጠብቁት ወፍራም ጓንት፣ መነጽር፣ ውሃ የማያሳልፍ ሽርጥና ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚፈገፈግ ቡሩሽ ናቸው።


መልስ — ቡሩሽ_በእጄ

ከላይ የተባለው ላይ የአጠባቡን ቅደም ተከተል ልጨምር፤ አብዛኛው ጥፋት እዚያ ነው ያለው።

መሣሪያው ከእጅ እንደወጣ ደም ወይም የቆዳ ፍቅፋቂ ሳይደርቅበት ይለቅለቅ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን፤ ከ45 ዲግሪ ካለፈ የደሙ ፕሮቲን እንደ እንቁላል ይረጋና ይጣበቃል። ወዲያው ማጠብ ካልተቻለ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይቆይ፤ ጨርቁ በንጹህ ውሃ እንጂ በሳላይን አይራስ።

ከዚያ የኢንዛይም ሳሙና፣ ከተቻለ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) ከ7 እስከ 8.5 የሆነ። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ነው፤ «0.5%» ካለ ለ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በሲሪንጅ ይለኩት፤ በግምት ሲጨመር ወይ አያጸዳም ወይ ታጥቦ አይለቅም። ኒፐሩም መቀሱም አፉን ከፍቶ፣ ክላምፑም መቆለፊያ ጥርሱ ተላቆ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ጥቅም የለውም፤ የኢንዛይም ሳሙና ውስጥም ቢሆን የቆየ መሣሪያ ይዝጋል።

መፈግፈጊያው ለስላሳ የናይለን ቡሩሽ ነው። የሽቦ መፈግፈጊያ በፍጹም አይነካው፤ ላዩን ይጭራል፣ የራሱን የብረት ብናኝም ትቶ ይሄዳል፣ ብናኙ በማግስቱ ይዝግና መሣሪያው የዛገ ይመስላል። ቡሩሹን መጋጠሚያው ውስጥ እያስገቡ ኒፐሩን አሥር ጊዜ ያህል መክፈትና መዝጋት፤ ከውስጥ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። የክላምፕ ጥርሶችና የፑሸር አንገት ላይ ያሉት ቦዮች የሚረሱ ቦታዎች ናቸው።

አልትራሶኒክ ማጠቢያ (ውሃውን በድምፅ ሞገድ እያንቀጠቀጠ የሚያጸዳ ማሽን) ካለ መጋጠሚያን የሚያህል የሚያጸዳው የለም፤ ግን በአግባቡ ሲጠቀሙበት ነው። አዲስ ውሃ ሲሞላ መሣሪያ ሳይገባ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባዶውን ይሥራ፣ በውሃው ውስጥ ያለው አየር ይውጣ፤ አየር ያለበት ውሃ ኃይሉን ይውጠዋል። መሣሪያ በቅርጫቱ ላይ እንጂ ወለሉ ላይ አይቀመጥም። ተከፍቶ፣ ሳይደራረብ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ክዳኑ ተዘግቶ። አቅሙን ለመፈተሽ ቀጭን የአሉሚኒየም ፎይል ውሃው ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ አንጠልጥሉ፤ ሁሉም ቦታ እኩል ተበሳስቶ ከወጣ ደህና ነው፤ አንዱ ጎን ሳይበሳ ከወጣ በዚያ በኩል አያጸዳም ማለት ነው። ውሃው በየቀኑ፣ ከደፈረሰም ወዲያው ይቀየራል።

ከዚያ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ፤ የመጨረሻውን ግን በዲስቲልድ (ተኖ በመቀዝቀዝ በተጣራ) ውሃ። ፑሸሮቹ ላይ ያለው ነጭ ምልክት የቧንቧ ውሃ ማዕድን ነው። ማድረቂያው ክር የማይተው ጨርቅ ይሁን፤ ፎጣ ክሩን መጋጠሚያው ውስጥ ይተዋል። መጋጠሚያውን የሚያደርቀው የታመቀ አየር ነው፤ ከሌለ አፉን ከፍቶ ሙቅና ንጹህ ቦታ ላይ ማቆየት።


ፓውች21

አመሰግናለሁ። በረኪናው ቀርቷል። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ የኢንዛይም ሳሙና እስኪገኝ በምን ይታጠብ? ነጠብጣቡ ዝገት ይሁን እድፍስ እንዴት ይለያል?


መልስ — ቡሩሽ_በእጄ

ለመጀመሪያው፦ ለዘብ ያለ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ አልካሊነቱ ከፍተኛ ነው፣ እንደ ልብ ስለማይለቀለቅም ቅሪቱ በአውቶክሌቩ ሙቀት ቡናማ ሆኖ ይጋገርበታል። የእጅ ሳሙናም ቅባቱን ይተዋል። ያለ ኢንዛይም ሲሠራ የቡሩሹ ድካም ይጨምራል እንጂ ሥራው አይበላሽም።


መልስ — ነጭ_ብረት

ለሁለተኛው ላጲስ ይበቃል። የእርሳስ ላጲስ ወስዶ ነጠብጣቡን መፈግፈግ። ከለቀቀና ከሥሩ ለስላሳ ብረት ከታየ እድፍ ነው። ከለቀቀም በኋላ ጉድጓድ ካለ፣ ወይም ጥፍር ሲያልፍበት ከያዘ፣ ዝገቱ ብረቱን በልቶታል። በ5 እጥፍ ማጉያ መነጽር ማየቱ የተሻለ ነው።

ቀለሙም ይናገራል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም። ቡናማና ብርቱካንማ ሆኖ በላጲስ የሚለቅ ከሳሙና ቅሪት፣ ከአዮዲን ወይም ከክሎርሄክሲዲን ይመጣል፤ ከአውቶክሌቩ ቧንቧም ብረት ሊመጣ ይችላል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት በተለይ የተለያዩ ብረቶች አንድ ላይ ሲታጠቡ ነው የሚመጣው፤ ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ርካሽ ዕቃ፣ አሉሚኒየምና ስቴንለስ በአንድ አልትራሶኒክ ውስጥ ሲገቡ አንዱ በሌላው ላይ ይለጠፋል። የእርስዎ መቀሶች አብረው ምን እንደሚታጠቡ ይመልከቱ። የቀስተ ደመና ዓይነት ቀለም ደግሞ የተጋነነ ሙቀት ምልክት ነው፤ መሣሪያ በእሳት ለብልቦ «ማምከን» የሚያመጣው እሱን ነው። እንዲህ የሆነ ስለት ጥንካሬው ሄዷል፣ ቢሳልም አይቆይም።

ጉድጓድ ያወጣው ይጣላል። ጉድጓዱ ውስጥ ቡሩሽ አይደርስም፣ የተሰነጠቀ መጋጠሚያም ሥራ ላይ እያለ ሊሰበር ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ፦ የዛገ አንድ ኒፐር ከሌሎች ጋር አውቶክሌቭ ሲገባ የዝገቱ ብናኝ በእንፋሎቱ እየተጓዘ ጤነኛው ላይ ያርፋል። ወዲያውኑ ይለይ። ለሎሚና ለኮምጣጤ አትቸኩሉ፤ ዝገቱን ያሟሙታል፣ ጉድጓዱን ግን አይሞሉትም፣ መጋጠሚያው ውስጥ የቀረው አሲድም ሥራውን ይቀጥላል።


መልስ — ፈጣን_ሳሎን

ይህ ሁሉ ለሆስፒታል ነው እንጂ ለጥፍር ሥራ 70% አልኮል ጠረግ አድርጎ የዩቪ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ብረቱም አይዝግም።


መልስ — እንፋሎት

አይበቃም፣ ይቅርታ። 70% አልኮል ስፖርን (ሙቀትና ኬሚካል የሚቋቋመውን የባክቴሪያ ዘር) አይገድልም፤ ያልታጠበ መሣሪያ ላይ ሲደረግ ደግሞ ፕሮቲኑን አድርቆ ያጣብቀዋል። ዩቪ የሚነካው ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው፤ የኒፐሩ መጋጠሚያና የታችኛው ጎኑ ጥላ ውስጥ ናቸው። ሳጥኑ ንጹህ መሣሪያ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል፣ ማምከኛ አይደለም። የጋለ የብርጭቆ ዶቃ ያለበት ትንሹ ማሽንም ጫፉን ብቻ ያሞቃል፣ ያው ነው። ኒፐር የጥፍር ዙሪያ ቆዳን ይነካል፤ ቆዳ ደግሞ ይደማል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ቆዳ የሚቆርጥ ነገር የሆስፒታልም ይሁን የሳሎን መምከን አለበት። የወረቀት ሞረድ፣ ስፖንጅና የእንጨት መግፊያ አይመክኑም፤ ለአንድ ሰው ተጠቅሞ መጣል ነው።

አሁን ወደ አውቶክሌቩ። 20 ደቂቃ በ121 ዲግሪ ለታሸገ መሣሪያ አጭር ነው። አየርን በእንፋሎት እየገፋ የሚያስወጣው ተራ ማሽን ለታሸገ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ቆጠራውም የሚጀምረው ሙቀቱ 121 ከደረሰ በኋላ ነው እንጂ ምድጃው ሲበራ አይደለም። አየሩን በፓምፕ መጥጦ የሚያስወጣው ማሽን በ134 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። የማሽኑ መመሪያ ከዚህ የተለየ ካለ መመሪያው ይከበር።

ጌጁ የሚያሳየው ግፊት ብቻ ከሆነ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ይጠንቀቅ። ለ121 ዲግሪ ጠቅላላ ግፊቱ 2.05 ባር ገደማ መሆን አለበት። በባሕር ወለል አካባቢ አየሩ ራሱ 1 ባር ያዋጣል፤ ስለዚህ ጌጁ 15 ፒኤስአይ (እንደ ባር ሌላ የግፊት መለኪያ) ሲያሳይ 121 ተደርሷል። 2400 ሜትር ላይ ግን አየሩ የሚያዋጣው 0.76 ባር ያህል ነው፤ ጌጁ ያንኑ 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው። እዚያ 121 የሚገኘው ወደ 19 ፒኤስአይ ሲጠጋ ነው። ማሽኑ ያንን እንዲችል ተደርጎ መሠራቱ ሳይረጋገጥ ቫልቭ ማጥበቅ ደግሞ ቦምብ መሥራት ነው፤ ቴርሞሜትር ያለው ማሽን ይህን ጭንቅ ያስቀራል። አየሩ ሳይወጣ ቫልቭ መዝጋትም ያንኑ ችግር ያመጣል፦ ግፊቱ አለ፣ ሙቀቱ የለም።

እርጥብ ፓውች ንጹህ ፓውች አይደለም። በረጠበ ወረቀት በኩል ጀርም ከውጭ ይገባል፣ ውስጡ ያለው ብረትም ይዝጋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መጨናነቅ ነው፤ ክፍሉን ከሦስት አራተኛ በላይ አትሙሉት። ፓውች በጎኑ ይቁም፣ የአንዱ ወረቀት ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ይግጠም፤ ፕላስቲክ ለፕላስቲክ ከተጣበቀ እንፋሎቱም አይገባ፣ ውሃውም አይወጣ። ማድረቂያ ካለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያድርቅ፤ ከሌለው ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ከወረደ በኋላ በሩን ጣት ያህል ገርበብ አድርጎ መተው። ትኩስ ፓውች ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያልበዋል፤ ሽቦ መደርደሪያ ላይ ይቀዝቅዝ። ማሽኑ ውስጥ የሚጨመረውም ዲስቲልድ ውሃ ነው።

መሣሪያው ፓውች ውስጥም ክፍት ይሁን። የተቆለፈ ክላምፕ በሙቀት ሲለጠጥ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ እንፋሎትም የተገጣጠመ ገጽ ላይ አይደርስም።

ቀለም የሚቀይረው ቴፕ የሚያሳየው ፓውቹ ሙቀት እንዳየ ብቻ ነው። ጊዜውን፣ ሙቀቱንና እንፋሎቱን አንድ ላይ የሚለካ አመልካች ፓውቹ ውስጥ ይግባ፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር ፈተና።

ዝገቱ የሚያማርራችሁ ከሆነ ደረቅ ሙቀትም አለ፦ 160 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ወይም 170 ዲግሪ ለ1 ሰዓት፣ ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ሲቆጠር። እርጥበት ስለሌለው ለኒፐርና ለመቀስ ይስማማል። ግን የእንፋሎት ፓውች ለዚያ አይሆንም፤ ለደረቅ ሙቀት የተሠራ መጠቅለያ ወይም ክዳን ያለው የብረት ሳጥን ያስፈልጋል። መሃል ላይ በሩ ከተከፈተ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።


መልስ — ስለት

ስለ ዘይቱና ስለሚጎትተው ኒፐር ማንም አላነሳም።

የስፌት መኪና ዘይት፣ ግሪስና ሲሊኮን ከአውቶክሌቭ በፊት አይደረጉም። ዘይቱ መጋጠሚያው ላይ ሽፋን ሆኖ እንፋሎቱን ይከለክላል፣ ቆሻሻንም ይሰበስባል፣ በሙቀት ደግሞ ይጠነክራል፤ ኒፐሩ የከበደው ከዝገቱ ጋር በዚሁም ነው። የሚሆነው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ እንፋሎት የሚያሳልፍ፣ ሲበጠበጥ ወተት የሚመስለው የመሣሪያ ማለስለሻ ነው። የሚደረገውም ከታጠበና ከተለቀለቀ በኋላ፣ ከመታሸጉ በፊት፤ ትርፉ ይንጠባጠባል እንጂ አይለቀለቅም። የጠበቀ መጋጠሚያ ቆሻሻው ሳይወጣ ማለስለሻ ቢጠጣ ዋጋ የለውም፤ አልትራሶኒኩ ይቅደም።

የኒፐሩን ስለት ለመፈተሽ፦ ዘግቶ ወደ ብርሃን መያዝ። በስለቶቹ መሃል ብርሃን ካሳለፈ አልገጠሙም። ከዚያ ቀጭን ሶፍት በጥቂቱ አርጥቦ በጫፉ ብቻ መቁረጥ። ሳይጎትት ከቆረጠ ስለቱ ደህና ነው፤ ካኘከው ወይ ዶልዱሟል ወይ ጫፎቹ ተላልፈዋል። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከመውደቅ ነው፣ ወይም ለቆዳ የተሠራው ኒፐር ወፍራም ጥፍር ሲቆረጥበት። ለጥፍር ሌላ መሣሪያ አለ።

መሳሉን ለባለሙያ ይስጡ። በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ብልጭታ እስኪወጣ የተሞረደ ስለት ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል፤ ለሁለት ቀን ይቆርጥና ይዶለዱማል። በእጅ ሞረድም ሁለቱ ስለቶች እኩል ካልተበሉ ጫፉ ዳግም አይገጥምም። የመቀስ ውስጠኛ ጠፍጣፋ ገጽ ከተሞረደ ደግሞ መቀሱ አበቃለት። ከመሳያ የተመለሰ መሣሪያ በቀጥታ ፓውች ውስጥ አይገባም፤ የድንጋዩና የብረቱ ብናኝ ስላለበት ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታጠባል። ጫፉን ለመጠበቅ የሲሊኮን ቆብ ሲደረግ ቀዳዳ ያለውና ከጫፉ ላላ የሚል ይሁን፤ ጥብቁ እንፋሎት አያስገባም።


ፓውች21

ስድስቱ ኒፐሮች በላጲስ ታዩ። አራቱ ላይ ለቀቀ፣ ሁለቱ ጉድጓድ አላቸውና ተለይተዋል። መቀሶቹ አብረው የሚታጠቡት ክሮም የተቀባ የተረከዝ መፋቂያ ነበር፤ ቅቡም ጠርዙ ላይ ተላጥቷል። እሱንስ ለብቻ እያጠቡ መጠቀም ይቻላል?


መልስ — ነጭ_ብረት

ቅቡ ከተላጠ አይቻልም። የተላጠው ጠርዝ ሥር ውሃ ይገባል፣ ከሥሩ ያለው ተራ ብረት ይዝጋል፣ ቅርፊቱም ሰው ቆዳ ላይ ይራገፋል። ሲተካ ሙሉ በሙሉ ስቴንለስ የሆነ ይሁን፤ አዲሱም ከነፋብሪካ ዘይቱ አውቶክሌቭ እንዳይገባ መጀመሪያ ይታጠብ።